«እንዲያሰግሩ» እና «እንዳያሰግሩ»፦ አራሚው ያላየው አንድ ፊደል

ጥያቄ፦ «ጣና ዳር የሚሠራ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ ቢሯችን ባሕር ዳር ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ያዘጋጀሁትን ሃያ ገጽ ሪፖርት በኮምፒውተር የሰዋስው አራሚ አሳረምኩና ያቀረበልኝን እርማት ሁሉ ተቀብዬ አባዛሁት። ሊቀመንበራችን በስብሰባው ላይ ሲያነቡት ስለ እሳቸው የተጻፈው ሁሉ ‹መጣ›፣ ‹አስረዳ› ሆኗል። ‹እምቦጭ› የሚለው ‹እምቡጥ› ሆኗል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ ‹እንዳያሰግሩ› የተወሰነው ‹እንዲያሰግሩ› ተብሎ ወጥቷል። ይህን የተሳሳትኩት እኔው ነኝ፤ ፕሮግራሙ ግን አላየውም። አሁን የራሴን አማርኛ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ፕሮግራሙን ልተወው? ወይስ አጠቃቀሙን አላወቅኩበትም? የተበተነውንስ ሪፖርት ምን ላድርገው?»

መልስ፦

ከሁሉ አስቀድሜ አማርኛዎን አይጠራጠሩ እላለሁ። ሊቀመንበሩን «መጡ»፣ «አስረዱ» ብለው መጻፍዎ ትክክል ነበር፤ ያበላሸው «መጣ» ብሎ የለወጠው ነው። ይህን የማስቀድመው በአርትዖት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ጉዳት ይኸው ስለሆነ ነው። የተበላሸ ገጽ ተመልሶ ይታረማል። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ግን ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር ባየ ቁጥር የገዛ ጆሮውን ማመን ከተወ፣ ቀስ በቀስ መስመር የማይሰመርበትን ቃል ብቻ መጻፍ ይጀምራል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ወደ ጠረጴዛዬ መምጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ስሕተታቸው ጥቂት ነው፤ ማን እንደጻፋቸው ግን አይለይም።

«መጡ» ለምን እንደ ስሕተት ተቆጠረ? አማርኛ አንድን ሰው ለማክበር የሚጠቀምበት የግስ መልክ ለብዙ ሰዎች ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው። «አስጋሪዎቹ መጡ» ስንልም፣ «ሊቀመንበሩ መጡ» ስንልም ግሱ ያው ነው። ለፕሮግራሙ የተሰጠው ደንብ ባለቤቱ ነጠላ ከሆነ ግሱም ነጠላ ይሁን የሚል ነው። ሊቀመንበሩ አንድ ሰው ስለሆኑ «መጡ»ን ስሕተት አለው። ደንቡ ሐሰት አይደለም፤ አክብሮት ግን በውስጡ የለም። ቢጨመርበት እንኳ ችግሩን የሚፈታው በከፊል ነው፤ ምክንያቱም አንድን ሰው አንቱ የሚያሰኘው በተናጋሪውና በእሱ መካከል ያለው ግንኙነት እንጂ የሚጠራበት ቃል አይደለም። «መምህሩ መጣ» ያለው የሥራ ባልደረባው ሊሆን ይችላል፤ «መምህሩ መጡ» ያለው ደግሞ ተማሪያቸው። የትኛው እንደሚገባ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። በተቃራኒው «አሥር ጀልባ ተጠገነ» ስንል ቁጥሩ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ሆኖ ሳለ ጆሯችን ምንም አይሰማውም። «ታንኳዋ ተሰበረች» የሚል አስጋሪ ታንኳዋን በሴት የጠራት ትንሽ ስለሆነች ወይም ስለሚወዳት ነው፤ ጎረቤቱ «ታንኳው ተሰበረ» ቢልም አልተሳሳተም። «ራበኝ»፣ «መሸብን» የሚሉትን ደግሞ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ደንብ ከመነሻው አይገባቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ማኅበራችሁ የወሰነው ትልቅ ነገር ነው። ከጣና ሌላ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት የላቢዮባርበስ ወገን ዓሣ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥቶ ይራባል። በዚያ ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት እንቁላሏን ገና ያልጣለችውን ዓሣ መያዝ ነው። ይህን ለማስቀረት የተላለፈ ውሳኔ በአንድ ፊደል ተገለበጠ፤ «ዳ» «ዲ» ሆነችና ክልከላው ማበረታቻ ሆኖ ተነበበ።

ፕሮግራሙ ይህን ያላየው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። «እንዲያሰግሩ» ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥም ቦታው ትክክል ነው፤ «አባላት በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ እንዲያሰግሩ ተወስኗል» የሚለው ከሰዋስው አንጻር አንዳች ጉድለት የለበትም። ጉድለቱ ያለው ማኅበሩ የወሰነው ይህን አለመሆኑ ላይ ነው፤ የጉባኤው ውሳኔ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። በእንግሊዝኛ አሉታው ብዙ ጊዜ ለብቻው የቆመ ቃል ስለሆነ ሲጎድል ዓይን ሊያገኘው ይችላል። በአማርኛ አሉታው በግሱ ሆድ ውስጥ ነው። «እንዲከፍሉ» እና «እንዳይከፍሉ»፣ «እንዲገቡ» እና «እንዳይገቡ» የተራራቁ ሐሳቦች ሆነው ሳለ በጽሑፍ የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ነው። በየቀኑ የምንጽፋቸው ደንቦች፣ ውሎችና ቃለ ጉባኤዎች ደግሞ በእነዚህ የተሞሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አራሚዎች እንዴት እንደተወለዱ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1964 ፍሬድ ዳሜራው የተባለ ተመራማሪ የፊደል ስሕተቶችን መርምሮ ከ100 ውስጥ 80 ያህሉ ከአራት ዓይነት አንዱ መሆናቸውን አሳየ፦ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ አንድ ፊደል ተጨምሯል፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ከዚያ ወዲህ የፊደል አራሚ ማለት በመሠረቱ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው በጥቂት ፊደል ልዩነት የሚቀርበውን የታወቀ ቃል ፈልጎ የሚያቀርብ ነገር ሆነ። ለላቲን ፊደል የተመቸ ዘዴ ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ኮምፒውተሩም ለእያንዳንዱ ቅርጽ የተለየ ቁጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ እንዲሁ ቁጥር ለሚያነጻጽር ፕሮግራም «ቦ» ከ«ቡ» ጋር ያለው ርቀትና «ቦ» ከ«ጠ» ጋር ያለው ርቀት እኩል ነው። አንደኛ ክፍል ሀሁ የቆጠረ ልጅ የሚያውቀውን ዝምድና አያይም። «እምቦጭ» ወደ «እምቡጥ» የተለወጠውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ሁለት ፊደል ተተክቶ የሚደረስበት፣ በመዝገቡ ውስጥ ያለ ቃል።

«እምቦጭ» ለምን በመዝገቡ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቃሉ በጋዜጣና በሬዲዮ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። የፕሮግራሙ የቃላት ስብስብ ከዚያ ቀደም ከታተመ መዝገበ ቃላት፣ ወይም ስለ ሐይቁ እምብዛም ከማይጽፉ ጽሑፎች ተለቅሞ ከሆነ እምቦጭን አያውቀውም። ታንኳ የሚሠራበትን «ደንገል»ንም፣ ከእናንተ ገበያ የማይጠፋውን «ቀረሶ»ንም ላያውቃቸው ይችላል። የማያውቀውን ቃል «አላውቀውም» ብሎ ቢተወው ባልከፋ ነበር፤ እሱ ግን በሚያውቀው ይተካዋል።

የቃላቱ ብዛት ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ከሪፖርትዎ ሊገኝ የሚችል አንድ ቃል ልውሰድ፦ «ስላላስረከቡልንም»። በውስጡ ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ «አስረከቡ» የሚል ግስ አለ፣ «ለእኛ» የሚል አለ፣ በመጨረሻም «ም» አለ። ሌላ ቋንቋ በስድስትና በሰባት ቃል የሚለውን አማርኛ በአንድ ቃል ይለዋል። ከአንድ ግስ ሥር እንዲህ እየተባዙ የሚወጡት መልኮች በብዙ ሺህ ስለሚቆጠሩ በዝርዝር መዝገብ ይዞ መጨረስ አይቻልም። መፍትሔው ቃሉን እየፈታ የሚያነብ ሥርዓት መሥራት ነው። በዚህ ረገድ ማይክል ጋሰር የተባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሆርንሞርፎ የሚል ስም ያለው፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትን መሣሪያ ሠርቷል፤ ሥራውን ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የማነሳው። ይሁን እንጂ ተንታኙ ለቀቅ ካለ ማንም የማይናገረውን ቃል «ይቻላል» ብሎ ያሳልፋል፤ ጠበቅ ካለ ደግሞ እርስዎ በየቀኑ የሚሉትን ይጥላል። አንዱን ቃል በሁለትና በሦስት መንገድ ሲፈታውም የትኛው እንደታሰበ የሚወስንለት የለም።

ስለ ፊደል አጻጻፍ ደግሞ ከገዛ ከተማችን ስም እንነሳ። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር፤ አራቱንም በአንድ ጎዳና ላይ በተሰቀሉ ሰሌዳዎች አንብቤያቸዋለሁ። ጎጃምና ጐጃም፣ ጎንደርና ጐንደርም እንዲሁ ናቸው። እንደ «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» ያሉትን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደሎቻችንን አንዳንዱ እንደ ግእዙ ሥር ይጠብቃል፤ አንዳንዱ በአንዱ ብቻ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ስሕተት ሲል የሚሰጠው የሠሪውን ምርጫ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይል ነበር። ይህን ርእስ ዛሬ ለአንዱ አራሚ ቢሰጡት «ዐዲስ»ንም «ያማርኛ»ንም ሊያሰምርባቸው ይችላል። ቋንቋውን ለመመዝገብ ዕድሜውን የሰጠ ሊቅ አጻጻፍ ስሕተት ከተባለ፣ መስመሩ ስለ ትክክለኛነት የሚነግረን ጥቂት ነው። ሁሉንም ሞክሼ አንድ ማድረግም ጣጣ አለው። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት ነው፤ በማኅበራችሁ ሪፖርት ላያስቸግር ይችላል፣ በአንድ ገዳም ጽሑፍ ውስጥ ግን ትርጉሙን ይገለብጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ፊደላችን ራሱ የማይጽፈው ነገር አለ፦ መጥበቅና መላላት። «ማኅበሩ ብድር ይሰጣል» እና «ለማኅበሩ ብድር ይሰጣል» በሚሉት ውስጥ «ይሰጣል» በዓይን አንድ ነው። በመጀመሪያው «ሰ» ላልቶ ሰጪው ማኅበሩ ነው፤ በሁለተኛው ጠብቆ ተቀባዩ ማኅበሩ ነው። ከፊት ያለችው «ለ» ብትወድቅ አበዳሪና ተበዳሪ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከሥሩም መስመር አይሰመርም። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ድምፅ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ለእኔ የልማድ ጉዳይ አይደለም፤ ገጹ ላይ የሌለ መረጃ የሚገኝበት ብቸኛው መንገድ ስለሆነ ነው።

ሀብት ሁሉ በፈሰሰለት በእንግሊዝኛስ እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ሰዋስው እርማት ላይ ዓለም አቀፍ የምርምር ውድድር ተካሂዶ ነበር። ፈተናው በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጻፉ ድርሰቶችን ማረም ነበር። አንደኛ የወጣው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ካቀረባቸው እርማቶች ትክክል የነበሩት ከ10 አራት ያህሉ ሲሆኑ፣ በድርሰቶቹ ውስጥ ከነበሩት ስሕተቶች ያገኘው ደግሞ ከ10 ሦስት ያህሉን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው በጣም ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የውድድሩ ደንብ ነው፤ ስሕተት ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ትክክል የነበረውን አለማበላሸት እጥፍ ነጥብ ነበረው። ሙያው ራሱ የትኛው ጉዳት እንደሚብስ ያውቃል። «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ የሚያስረሳን ይህንኑ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው፣ እንደ ሰው የሚመልሱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ሌላ ዓይነት ናቸው። ብዙ ጽሑፍ አንብበው ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚገምቱ ናቸውና አክብሮትን ከአሮጌዎቹ በተሻለ ያውቃሉ፤ «ሊቀመንበሩ መጡ»ን ብዙ ጊዜ አይነኩም። ያነበቡት አማርኛ ግን ካነበቡት እንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ጽሑፉን የሚቆራርጡበት መንገድም አይመቸንም፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ባይት (የማከማቻ መለኪያ ነው) ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል በተለመደው አመዘጋገብ ሦስት ይይዛል፤ ስለዚህ ቃላችን ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ነው የሚደርሳቸው። የእኔ ትልቁ ስጋት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች አርሙ ሲባሉ እንደገና ይጽፋሉ። ዓረፍተ ነገሩ ለስልሶ ይመለሳል፤ በመካከሉ «ከአባላት መካከል አንዳንዶቹ» የነበረው «አባላት» ይሆናል፣ «ሊታሰብበት ይገባል» የነበረው «ተወስኗል» ይሆናል። ለስላሳ ስለሆነ አንባቢው አይቆምበትም። ያንኑ ጽሑፍ ነገ ቢሰጧቸው የተለየ እርማት ሊመልሱ ይችላሉ፤ የሁለቱንም ምክንያት በእኩል እርግጠኝነት ያስረዳሉ። በነገራችን ላይ፣ የአባላት ስምና የብድር ዕዳ ያለበትን ቃለ ጉባኤ ለእነዚህ ፕሮግራሞች አይስጡ። ጽሑፉ ከቢሯችሁ ወጥቶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ አባላቱ ለዚያ ፈቃድ አልሰጡም።

እንግዲህ ይተዉት? አልልም። ድካም ያመጣቸውን ነገሮች፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል፣ የጎደለ ክፍተት፣ በአራት ነጥብ ፈንታ የገቡ ሁለት ኮለኖች፣ አንዴ «ዓሣ» አንዴ «አሳ» የተባለውን፣ ከሰው ዓይን በተሻለ ሊለቅም ይችላል። ይህን ሥራ ይስጡት። በራሱ የመተካት መብቱን ግን ከቅንብሩ ያጥፉበት፤ ያሰምር፣ የሚለውጡት እርስዎ ይሁኑ። የሐይቁን ቃላት፣ የዓሣዎቹን፣ የመረቡን፣ የታንኳውን፣ የገባር ወንዞቹንና የቀበሌዎቹን ስም በፕሮግራሙ የግል መዝገብ ውስጥ ያስገቧቸው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰመረው መስመር ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። ማኅበሩ የከተማውን፣ የክፍለ ሀገሩንና የዓሣን አጻጻፍ እንዴት እንደሚጽፍ በአንድ ገጽ ወስኖ ይያዝ። የትኛውን መረጣችሁ የሚለው ከወጥነቱ ያነሰ ጉዳይ ነው።

ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደሚታመን ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ። በጥንቃቄ የታረመ አንድ ጥሩ ገጽ ይውሰዱና እንዳለ ይስጡት። እዚያ ላይ የሚያሰምራቸው መስመሮች ከሞላ ጎደል የሐሰት ክስ ናቸው፤ ይቁጠሯቸው። ከዚያ በዚያው ገጽ ላይ ሆን ብለው 20 ስሕተት ይክተቱ፦ አምስቱ የፊደል ግድፈት፣ አምስቱ «እንዲ»ና «እንዳ» የተለዋወጡበት፣ አምስቱ ባለቤትና ግስ የማይስማሙበት፣ አምስቱ የተሳሳተ ቁጥር ወይም ስም። ስንቱን እንደያዘ በየዓይነቱ ይመዝግቡ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ብዙዎቹን፣ ከሁለተኛዎቹ ግን አንዱንም ባይዝ አይገረሙ። ያ ወረቀት ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ የሚጠቅም መረጃ ይሰጥዎታል።

ለ«እንዲ»ና ለ«እንዳ» የምጠቀምበት አንድ ዘዴ አለኝ። በማንኛውም መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን መፈለጊያ ከፍቼ «እንዲ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚገኙትን አንድ በአንድ እየቆምኩ «በእርግጥ ይደረግ ነው የተባለው?» ብዬ ከቃለ ጉባኤው ጋር አመሳክራለሁ። ቀጥሎ «እንዳ»ን። በሃያ ገጽ ሪፖርት ውስጥ ይህ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። የመጨረሻውን ንባብ ደግሞ በጉባኤው ላይ ከነበረ ሌላ ሰው ጋር ያድርጉት፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ቃለ ጉባኤውን ይዞ ያዳምጥ።

የተበተነውን ሪፖርት በተመለከተ፣ «እምቡጥ»ና «መጣ» ለሚቀጥለው እትም ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሊቀመንበሩን በአካል ሄደው ይቅርታ ቢጠይቋቸው ነገሩን የሚረዱት ይመስለኛል። የመራቢያው ወቅት ውሳኔ ግን አይቆይም። በማኅበሩ ማኅተም የአንድ ገጽ ማረሚያ አውጥተው ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሁሉ፣ በተለይም በጉማራና በርብ አፍ አካባቢ ለሚያሰግሩት አባላት፣ ክረምቱ ሳይገባ ያድርሱ። ማንበብ ለማይችሉት በየወደቡ ይነበብላቸው። በማረሚያው ላይ «እንዳያሰግሩ» የሚለውን መልሰው ከመጻፍ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ይቀይሩት፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት የማይገለበጥ ይሁን፦ «በመራቢያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ ዓሣ ማስገር ፈጽሞ ክልክል ነው።»